የሞተር ክፍል ጽዳትና መከላከያ ቅብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፒያሳ፣ በሜክሲኮ፣ በካዛንቺስና በአራት ኪሎ መካከል ቀን በቀን የሚመላለስ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የግንባታ አቧራ፣ የናፍጣ ጥላሸትና ከሆነ ቦታ የሚያመልጥ ዘይት፣ ሦስቱም አንድ ላይ ተጋግረው። መልሶቹ የተዘጋጁት ከተማው ውስጥ በብዛት ለሚነዱት የቤት መኪኖች፣ ለቪትዝ፣ ለያሪስ፣ ለኮሮላ፣ ለዲዛየርና ለመሰሎቻቸው ነው። ሚኒባስና የኤሌክትሪክ መኪና ለየት ስለሚሉ ለብቻቸው ተነስተዋል።

ሞተሩ ሳይታጠብ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቷል፤ ማጽዳቱ ምን ይጨምርልኛል?

ጉልበት አይጨምርም፣ የነዳጅ ፍጆታም አይቀንስም። የሚያስገኘው ማየት መቻልን ነው። ንጹሕ ሞተር ላይ አዲስ የዘይት ጠብታ በማግስቱ ይታያል። በቆሻሻ የተለበጠ ሞተር ላይ ግን የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ለወራት ቢያፈስ እንኳ የዘይት መብራት እስኪበራ ድረስ የሚያውቅ አይኖርም።

ሌላው ጥቅም ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) በሚፈታበት ቀን ይታያል። በካንዴላው ጉድጓድ ዙሪያ የተከማቸው ደቃቅ አሸዋ ካንዴላው ሲወጣ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ዘይት የጠጣ አቧራ ደግሞ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው የጋለ ቱቦ) አጠገብ ከተጠራቀመ ይጤሳል፣ አንዳንዴም ይቀጣጠላል። የራዲያተር ቱቦዎች የተሠሩበት ጎማ ከዘይት ጋር አይስማማም፤ ዘይት እየነካው ከቆየ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻ ላይ መንገድ ላይ ይፈነዳል።

በየስንት ጊዜው ላጽዳ?

በዓመት ሁለቴ ይበቃል። አንዱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፤ ሁለተኛው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ሲያበቃ። በመሃል ባሉት ወራት አቧራውን በደረቅ ብሩሽና በጨርቅ ማንሳት ነው፤ 10 ደቂቃ ይወስዳል። መኪናው ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ግን እያጠቡ መኖር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ይቀየር፣ ከዚያ ይጸዳ።

ላቫጆ ላይ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ረጭተው ያጥቡልኛል፣ ያብረቀርቃል። ምን ችግር አለው?

ችግሩ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ከባድ ናቸው።

መጀመሪያ እሳት። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ መኪናው ሥር ይተኛል፣ የአንድ ሞርሴቶ (የባትሪ ሽቦ ማሰሪያ) ብልጭታ ይበቃዋል። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ከቤንዚን ይሻላሉ የሚባለው ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻ ነው። ሠርቶ በቆመ ሞተር ላይ ሲረጩ ግን ማኒፎልዱ ለብቻው ብልጭታ ሳያስፈልገው ሊያቀጣጥላቸው ይችላል።

ሁለተኛው ጎማ ነው። የራዲያተርና የማሞቂያ ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ሙቅ ውሃን እንዲችሉ እንጂ ነዳጅን እንዲችሉ ተደርገው አልተሠሩም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሶኬቶችን ውስጥ ከውሃ የሚጠብቁት ትናንሽ ጎማዎችም ነዳጅ ሲነካቸው ሊያብጡ ይችላሉ። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከወራት በኋላ ቱቦው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ሲገባ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሦስተኛው ያ የሚያብረቀርቀው ነገር ራሱ ነው። ብርሃኑ ያልተነነው የናፍጣ ዘይት ነው፤ ስለዚህ ከላቫጆ ወጥተው መስቀል አደባባይ ሳይደርሱ የመንገዱን አቧራ መሰብሰብ ይጀምራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው የባሰ ይጋገራል። የተቃጠለ ዘይት ረጭተው የሚያወዙም አሉ፤ በጭራሽ አይፍቀዱ።

ታዲያ በምን ይጽዳ?

በውሃ በሚሟሟ የሞተር ማጠቢያ፣ ብዙ ሰው ዲግሪዘር በሚለው። ጽሑፉን አንብበው በውሃ የሚቀጥን መሆኑን፣ ለአሉሚኒየም የማይጎዳ መሆኑን ያረጋግጡ። ለተለመደ አቧራና ቀላል ቅባት 1 እጅ ኬሚካል ለ10 እጅ ውሃ፣ ለተጋገረ ቅባት 1 ለ4 ይበቃል፤ ጠርሙሱ ላይ ሌላ ልክ ከተጻፈ የጠርሙሱን ይከተሉ። ለአንድ ቪትዝ ወይም ኮሮላ 1 ሊትር የተበጠበጠ ከበቂ በላይ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን አይንኩ። ዛሬ የሚነዱት አብዛኞቹ ሞተሮች ቴስታታቸው፣ ብዙዎቹም ሙሉ አካላቸው አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ጥቁር ወይም ነጭ ዝንጉርጉር አድርጎ ይተወዋል፣ ያ ደግሞ በምንም ታጥቦ አይለቅም። የቸርኬ ማጠቢያ አሲድም እንደዚሁ ነው።

ኦሞ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ወይም በረኪናስ?

የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ በባልዲ ውሃ ለፕላስቲክ ክዳኖች ይሆናል። ብዙዎቹ ለማወፈሪያ ጨው ስላለባቸው ግን በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ተመልሰው መጠረግ አለባቸው። የዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ የቀረው ፍሬ ብሎኖች ሥር ይቀመጣል፣ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ ባይጠቀሙት ይሻላል። በረኪና በፍጹም፤ አሉሚኒየሙንም የሶኬት ብረቱንም ያዝጋል።

ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው?

ከአንድ ጀሪካን ውሃ በታች፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚበቃው አሠራር ይህ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ቦታ የሚመረጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም የጽዳት ጉዳት የሚመጣው ከኬሚካሉ ይልቅ ከውሃው ብዛትና ግፊት ነው።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት የእጅ መርጫ ጠርሙስ (አንዱ ለዲግሪዘር፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ)፣ አንድ ሰፊ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ፣ 5 ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ። የብሩሹን የብረት አንገት በፕላስተር ይጠቅልሉት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ባትሪ አጠገብ ብረት የሚያገናኘው ሁለት ጫፍ አያጣም።

መኪናውን ጥላ ውስጥ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ይንቀሉ። ከመንገድ የመጣ ከሆነ ኮፈኑን ከፍተው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይጠብቁ። ልኩ እጅ ነው፦ የቴስታታው ክዳን ላይ መዳፍዎን አሳርፈው ሳይቃጠሉ መቆየት አለብዎት። ለብ ያለ ሞተር ቅባቱን ለማለስለስ ይረዳል። የጋለ ሞተር ግን ኬሚካሉን በሰከንድ አድርቆ ነጠብጣብ ያስቀራል፤ ማኒፎልዱም ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል።

መጀመሪያ ደረቁን ያንሱ። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ፕላስቲክ ውስጥ የጃካራንዳና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይከማቻል፤ በእጅ ያውጡት። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ በሁለቱ ጎን ናቸው፤ ከተደፈኑ የሐምሌ ዝናብ በአየር ማስገቢያው በኩል እግርዎ ሥር ያለውን ምንጣፍ ያርሳል። ከዚያ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ያራግፉ። ይህን ደረጃ መዝለል አቧራውን ወደ ጭቃ መለወጥ ነው።

አሁን በላስቲክ ይሸፍኑ። ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው)፣ የፊውዝ ሳጥን፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተር ክፍል ውስጥ ከሆነ እሱ፣ የአየር ፊልትሮው መሳቢያ አፍ፣ የካንዴላ ኮይሎቹ ወይም ቦቢናዎቹ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጡት)፣ ባትሪው። የዘይት ክዳኑና የዘይት መለኪያ ዘንጉ በደንብ መግባታቸውን በእጅ ይጫኑ።

ዲግሪዘሩን ከታችኛው ክፍል ጀምረው ወደ ላይ ይርጩ፤ ከላይ ከተጀመረ ወደ ታች የሚፈሰው መስመር እየሠራ ይደርቃል። ስስ ቦታ ላይ ብሩሹ ላይ ረጭተው በብሩሹ ያስነኩ። ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይተዉት፣ አይደርቅ፤ በበጋ አየር ቶሎ ስለሚደርቅ ክፍሉን ለሦስት ከፍሎ መሥራት ይሻላል። በብሩሽ ይፈትጉ፣ ንጹሕ ውሃ በመርጫ ጠርሙስ እያርከፈከፉ በጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ሲጠቁር ገጹን ይገልብጡ። የተጋገረው ቦታ በአንድ ዙር ካልለቀቀ ኬሚካሉን አያጠንክሩ፤ ሁለተኛ ዙር ይድገሙ።

ላስቲኮቹን ሁሉ ያንሱ፣ ይቁጠሩ። የአየር መሳቢያው አፍ ላይ ተረስቶ የቀረ ላስቲክ ሞተር ሲነሳ ይሳባል። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ኮፈኑ ክፍት እንዳለ ሞተሩን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሠሩት። ሥራውን ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ መጀመር ጥሩ ነው፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይመጣ ይደርቃል።

ላቫጆ ላይ በግፊት ማሽን ቢታጠብስ?

የግፊት ማሽን ውሃን ከ100 ባር በላይ ይገፋል። የሶኬት ጎማዎች የተሠሩት መንገድ ላይ የሚረጭ ውሃን እንዲመልሱ ነው፤ በቅርብ የሚመጣ የማሽን ውሃ ያልፋቸዋል። ላቫጆ ላይ ማሳጠብ ግድ ከሆነ አጣቢውን አስቀድመው ያናግሩት፦ አፈሙዙን ወደ ሰፊ ርጭት ያዙር፣ ቢያንስ አንድ ክንድ ተኩል ይራቅ፣ አንድ ቦታ ላይ አያቁም፣ ዲናሞውንና የፊውዝ ሳጥኑን አያነጣጥር። ሞተሩ ታች ያለው የብረት ክፍል ላይ ግፊት ብዙ አይጎዳም፤ ከላይ ነው ጉዳቱ። አጠገቡ ይቁሙ። ሞተሩ እየሠራ ማጠብ የሚወዱ አሉ፤ አየር መሳቢያው ውሃ ከጠጣ ፒስተን የማይጨመቅ ነገር ይገጥመውና ዘንጉ ይጣመማል፣ ስለዚህ ያጥፉት።

ከታጠበ በኋላ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የቼክ ኢንጅን መብራትም በራ። ምን ላድርግ?

አይንዱት። በተለይ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሊንደር እያቀጣጠለ አይደለም ማለት ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን ክፍል) ገብቶ ያግለዋል፣ ያቀልጠዋልም። ካታሊስት ከኮይል እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ መግባቱ ነው። በአብዛኞቹ ቪትዝና ኮሮላዎች እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል ከላዩ ተሰክቶበታል፤ ኮይሉን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በ10 ቁልፍ የሚፈታ አንድ ብሎን ነው። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ኮይሉን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ጫፉ ላይ ውሃ ካለ አገኙት። ካንዴላውን ግን ጉድጓዱ ሳይደርቅ አይፍቱ፤ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል።

ለማድረቅ በአቅራቢያ ያለ ጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይበቃል። መጀመሪያ አየሩን ለጥቂት ሰከንድ ወደ መሬት ያስለቅቁት፤ በኮምፕሬሰር ጋን ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይት አለ፣ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ከ20 ሳንቲሜትር ርቀት ይንፉ፣ ኮይሉን በጨርቅና በፀጉር ማድረቂያ ያድርቁ፣ መልሰው ይሰኩ። በመመርመሪያ መሣሪያ የሚነበበው የስህተት ኮድ ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ከሆነ የመጨረሻው ቁጥር የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግራል። ከደረቀ በኋላም ከቀጠለ የኮይሉ ጎማ ቀድሞውኑ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ውሃው አሳወቀው እንጂ አልጀመረውም።

ዲስትሪቢውተር (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍል ክፍል) ባላቸው አሮጌ ኮሮላዎች ደግሞ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው መፍትሔው። እየደጋገሙ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አያሽከርክሩ፤ ባትሪ ይጨርሳል።

ባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም ሰማያዊ አረንጓዴ ዱቄት አለ። አብሮ ይታጠብ?

አብሮ አይታጠብም፤ ለብቻው ነው የሚሠራው፤ ዱቄቱ የአሲድ ውጤት ስለሆነ ወደ ሌላው ብረት መሰራጨት የለበትም። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ሞርሴቶ ይፍቱ። አንዳንድ መኪና ላይ የራዲዮ ኮድና የመስኮት አቀማመጥ ስለሚጠፋ አስቀድመው ይወቁት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው በጥርስ ብሩሽ ይቀቡት፤ አረፋ ሲያቆም ጨርሷል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ራሱ አሲድና ስታርች ስላለበት ሊጥ ሆኖ ይቀራል። የባትሪው ክዳኖች የሚከፈቱ ዓይነት ከሆኑ ጠበቅ ያሉ መሆናቸውን ይዩ፤ ሶዳ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ይጎዳል።

በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፣ ፖዘቲቩን ቀድመው ኔጌቲቩን አስከትለው ይሠሩ፣ ካጠበቁ በኋላ ስስ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ከውጭ ይቀቡ። ከመጠበቁ በፊት በመገናኛው መካከል አይቀባም።

ራዲያተሩስ?

ራዲያተሩና ከፊቱ ያለው የኤሲ ማቀዝቀዣ መካከል አቧራና ነፍሳት እንደ ብርድ ልብስ ይነጠፋሉ። የሚታጠበው ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በተራ የጎማ ቱቦ ውሃ፣ ያለ ግፊት ነው። ከፊት ከተረጨ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይከተዋል፤ በማሽን ከተረጨ ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ አየር ማለፍ ያቆማል።

ይህ ለአዲስ አበባ የበለጠ ያስፈልጋል። ከተማው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ ያለ ግፊት በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከፍ ባለ ሙቀት እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ስለዚህ ጽዳት ላይ እያሉ የክዳኑን ጎማ ማየት አይርሱ፤ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ።

መከላከያ ቅቡ ከምን ነው የሚከላከለው? የትኛውን ልግዛ?

ኮፈን ሥር ፀሐይ አይገባም፤ ስለዚህ ለዳሽቦርድና ለበር ላስቲክ የሚነገረው የፀሐይ መከላከያ ወሬ እዚህ ብዙም አይሠራም። ፕላስቲክና ጎማን ሞተር ክፍል ውስጥ የሚያስረጀው ሙቀት፣ ዘይትና አቧራ ነው። ቅቡ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቆሻሻ በቀጥታ ፕላስቲኩ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባ ይለያል፣ የሚቀጥለውን ጽዳት ደግሞ በጨርቅ ብቻ እንዲያልቅ ያደርጋል። የተሰነጠቀ ቱቦን አያድንም።

ሱቅ ውስጥ የሚገኘው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በውሃ የተበጠበጠ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ደብዘዝ ያለ፣ የፋብሪካ መልክ ይሰጣል፣ ጣት ሲነካው አይጣበቅም። ሁለተኛው እንደ ዘይት ጥርት ያለ፣ የሚቀባባ፣ ጠርሙሱ ወይም ቆርቆሮው ላይ የእሳት ምልክት ያለበት፣ በሟሟ የተሠራ ሲሊኮን ነው፤ በጣም ያበራል፣ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደው ሲገዙ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያሳይዎ ሁለተኛውን ነው፣ ሲያበራ ዓይን ስለሚስብ። አቧራ ለሞላበት ከተማ ትክክለኛው የመጀመሪያው ነው። ጠርሙሱን ነቅንቀው በብርሃን ይዩት፤ ነጭ ከሆነ ይግዙ።

እንዴት ይቀባል? ምን ምን ላይ አይቀባም?

ሞተሩ ቀዝቃዛና ፍጹም ደረቅ ይሁን። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ለአንድ ትንሽ መኪና ይበቃል። ሞተሩ ላይ አይርጩ፤ ስፖንጅ ላይ ጠብ አድርገው የፕላስቲክ ክዳኖችን፣ የፊውዝ ሳጥን ክዳንን፣ የራዲያተር ቱቦዎችን፣ የአየር ማስገቢያ ቱቦውንና የሽቦ መሸፈኛዎችን ከውጭ ይቀቡ። ለጠባቡ ቦታ የቀለም ብሩሹን ይጠቀሙ። 15 ደቂቃ ቆይተው በደረቅ ጨርቅ የቀረውን ያንሱ። ይህን የመጨረሻ ጥረጋ ሰው ሁሉ ይዘላል፤ አቧራ የሚይዘው ግን ሳይነሳ የቀረው ትርፍ ነው። ቅብ ረጭቶ ኮፈን ዘግቶ ሞተር አስነስቶ ራሱ ይድረቅ የሚለው አሠራር ለዚህ አቧራ አይሆንም።

ችንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላይ አይቀባም፣ በመዘውሮቹም ላይ። ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ዲናሞው ባትሪ መሙላት ያቆማል። ከነካው ቶሎ በ70 በመቶ አልኮል ችንጋውንም መዘውሩንም ይጥረጉ፤ ድምፁ ካልጠፋ ችንጋው ይቀየራል። ማኒፎልድና የጭስ ቱቦ ላይ አይቀባም፤ ይጤሳል፣ ቡናማ ሆኖ ይጋገራል። ሶኬቶች ውስጥ፣ የባትሪ ጫፍ ላይ፣ የፍሬን ዘይት ክዳን ዙሪያ፣ የፔዳልና የጋዝ ሽቦ ላይም አይቀባም። የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ያለባቸው ወረቀቶች ላይ ከተቀባ ቀለማቸው ይለቃል።

በቆርቆሮ የሚረጭ ሲሊኮን ሌላ መዘዝ አለው፦ ጭጋጉ በአየር መሳቢያው ገብቶ ከነዳጁ ጋር ሲቃጠል ኦክሲጅን ሴንሰሩን (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካውን) እንደ ብርጭቆ ይለብጠዋል። ሴንሰሩ ይደነዝዛል፣ መኪናው ነዳጅ መብላት ይጀምራል፣ ባለቤቱም ከቅቡ ጋር አያይዞት አያውቅም።

ቅቡ ከ2 እስከ 3 ወር ይቆያል።

ሴራሚክ ኮቲንግ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል?

ቀለም በተቀቡ ብረቶችና ለስላሳ የፕላስቲክ ክዳኖች ላይ ይሠራል፤ በሸካራ አሉሚኒየም፣ በቱቦና በሚጋሉ ክፍሎች ላይ ገንዘብ መጣል ነው። የኮፈኑ የውስጥ ቀለም፣ የሾክ አብዞርበሮቹ መቀመጫ፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ እነዚህ ይበቃሉ። 10 ሚሊ ሊትር አይሞላም።

ቦታውን በ70 በመቶ አልኮል ጠርገው ቅባት አልባ ያድርጉት፤ አልኮል ይቀጣጠላልና ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ባትሪውም የተፈታ። 5 ወይም 6 ጠብታ ስፖንጁ ላይ፣ 40 በ40 ሳንቲሜትር ቦታ፣ አንዴ ወደ ጎን አንዴ ወደ ታች። እንደ ቀስተ ደመና ሲል፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ፣ በንጹሕ ማይክሮፋይበር ያስተካክሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ አየር ከዚያም ይፈጥናል፤ ከዘገየ ጠንክሮ በፖሊሽ ካልሆነ አይነሳም። ለ24 ሰዓት ውሃ አይንካው፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪጠነክር 7 ቀን ገደማ ይጠብቁ። የተጠቀሙበት ጨርቅ ይጣል፤ ሲደርቅ ቀለም ይጭራል።

ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወፍራም ጨርቅ የድምፅና የሙቀት መከላከያ ነው፤ አይቀባም፣ አይርጠብም። ውሃ ከጠጣ ይከብድና ይወድቃል።

የዝገት መከላከያ ሰም ወይም ቫርኒሽ ያስፈልጋል?

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም፣ ባሕርም ሩቅ ነው። ከፋብሪካ የመጣው ሽፋን ሳይላጥ ካለ የሚጣበቅ የሰም ሽፋን ትርፉ አቧራ ነው። የሚያስፈልገው የባትሪው መቀመጫ ሥር፣ የተላጠ ብሎንና ማቀፊያ ላይ ብቻ ነው፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አንስቶ ስስ አድርጎ መቀባት። ከበረዷማ አገር ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ግን የሻሲውን ጫፎች ማስመርመር አለበት።

ቫርኒሽ በፍጹም አይረጭ። በሙቀት ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል፣ ብሎኖችን ያጣብቃል፣ ዘይት የሚያፈስበትንም ቦታ ለጊዜው ይሸፍናል።

ዘይቱ ከየት እንደሚፈስ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አጽድተው ፍጹም ካደረቁ በኋላ የተጠረጠረው አካባቢ ላይ የሕፃን ፓውደር በስሱ ይንፉ፣ ከችንጋው ያርቁ። ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይንዱና ይዩ። ፓውደሩ ላይ የሚታየውን እርጥብ መስመር ወደ ላይ ይከተሉ፤ ዘይት ወደ ታችና በነፋሱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው እርጥብ ነጥብ ነው። የካርተሩ (ከታች ያለው የዘይት ቋት) ጓርኒሲዮን ተቀይሮ ፍሳሹ የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ምንጩ ከላይ፣ ከቴስታታው ክዳን ስለሆነ ነው።

ልገዛው ያለው መኪና ሞተሩ እንደ መስታወት ያበራል። ጥሩ ምልክት ነው?

ከዕይታው በፊት በነበረው ቀን የታጠበ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አይነግርም። ደላላው ቢቸኩልም ቢያንስ 30 ኪሎ ሜትር በከተማና በዳገት ነድተው፣ ለምሳሌ ወደ እንጦጦ ወጥተው ተመልሰው፣ እንደገና ኮፈኑን ይክፈቱ። ከታች የሞተሩን መከላከያ ሽፋንም ያስፈቱ፤ ከላይ የሚያጥብ ሰው እዚያ ድረስ አይደርስም።

ሚኒባስ ላይስ?

የሃይኤስ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ነው። ውሃ ሲፈስ የሚገባው ወደ ካቢኑ ምንጣፍ ስለሆነ፣ ወንበሩ ተነስቶ በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይሠራል። የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ይታይ፤ ካረጀ ሽታና ጭስ ለሾፌሩ ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሥር ምን ይጸዳል?

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ብርቱካናማ ሽቦ ያዩበት ቦታ ሁሉ እጅም ውሃም አያስጠጉ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበት ነው፣ ብዙ መኪኖች ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት። መኪናው ይጥፋ፣ ከቻርጀር ይነቀል። የፕላስቲክ ክዳኖቹን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በውሃ የተበጠበጠውን ቅብ እነሱ ላይ ብቻ ይቀቡ። ዲግሪዘርም የግፊት ማሽንም አያስፈልግም፤ እንደ ነዳጅ መኪና ዘይት የሚያፈስ ሞተር የለምና። ፈሳሽ ካዩ ማቀዝቀዣው ሊሆን ይችላል፤ ወደ ባለሙያ ይሂዱ።

አይጥ ሽቦ እየበላብኝ ነው፤ ቅቡ ያርቃታል?

አያርቅም። ጎጆዋን፣ ሽንቷንና የምግብ ፍርፋሪውን ማጽዳት ነው የሚረዳው፤ ሽታው ሌላ አይጥ ይጠራል። በደረቅ አይጥረጉ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርገው በሳሙና ውሃ አርሰው ያንሱ። የተላጠ ሽቦ በፕላስተር ብቻ አይተው፤ ኤሌትሪሽያን ይቀጥለው።

የቆሸሸው ውሃ የት ይሂድ?

ወደ ቦይ አይልቀቁት። በመሀል ከተማው ያለው የዝናብ ቦይ ወደ ቀበናና ባንቲይቀጡ ወንዞች ይወርዳል፣ እነሱም ወደ አቃቂ። ሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፈው በላዩ ሁለት ጣት ያህል ሰጋቱራ ይበትኑ፤ ከ5 ሊትር በታች የሆነ ጽዳት የሚያንጠባጥበውን አብዛኛውን ይጠጣዋል። የረጠበው ሰጋቱራና ቅባታም ጨርቁ በላስቲክ ታስሮ፣ ዘይት የሚቀይሩበት ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት የሚያጠራቅም ከሆነ ለእሱ ይሰጥ።